ነጋድራሱ፣ ፈረንሳዮቹና የእማማ አውራ ጣት

የምሠራው አዳማ ውስጥ ትራንዚት ቢሮ ነው። ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ) መሙላት፣ የታሪፍ ቁጥር መፈለግ፣ በቀረጥ ስሌት ከጉምሩክ ሠራተኞች ጋር መከራከር፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ስለዚህ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሳነብ ድሮ የሞተ ሊቅ ያነበብኩ አይመስለኝም። እንደ ቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነው የማየው። እሱም ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እኛ አዳማ ላይ ሆነን ዛሬ የምናየውን እሱ ያኔ ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ያይ ነበር፦ ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ ጨርቅና ብረታ ብረት ይገባል። እኔ ቀረጡን አስልቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እሱ ግን «ለምን?» ብሎ ቁጭ ብሎ ጻፈ።

የኖረው 33 ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ትግራይ ውስጥ ተወለደ፣ በልጅነቱ በመርከብ አውሮፓ ሄዶ ጀርመን አገር ሕክምና ተማረ፣ ተመልሶ ቤተ መንግሥት አካባቢ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። እዚያ ውስጥ የያዘው ነገር ሲቀል ይህን ይመስላል፦ ዐዋቂ ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ዐዋቂው በጥቂት ድካም የሠራውን ዕቃ ሰጥቶ የሌላውን ብዙ ድካም ይወስዳል። ጥሬውን የሚሸጥና የተሠራውን የሚገዛ አገር ገበያው በደራ ቁጥር ይደኸያል። እንግዲህ አርጀንቲናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ራውል ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች ከንግዱ እየተጎዱ ነው ብሎ የጻፈውና ዓለም ያጨበጨበለት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ያን ጊዜ የእኛው ነጋድራስ ከሞተ 31 ዓመቱ።

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ ይልቅ ቆዳ ላይ ነው የማየው። ድሮ በፋሲካ ማግስት ጠዋት ገና ቡና ሳይፈላ «ቆዳ ያለው!» የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር። በጉን ያረደ ሁሉ ቆዳውን ጨው ነስንሶ፣ ፀጉሩን ወደ ውጭ አጥፎ በር ላይ ያስቀምጣል፤ እኛ ልጆች ደግሞ ከገዢው ጋር ተደራድረን ከሽያጩ የማስቲካ እናተርፋለን። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ ቁርጥ የነጋድራሱ ነው፦ ጥሬውን አትሽጥ፣ ጫማ አድርገህ ሽጥ። ሞጆ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ሥራ በዝቶባቸው ይፈነዳሉ ተብሎ ነበር። አሁን ከበዓል በኋላ ሰፈራችን ቱቦ ውስጥ የበግ ቆዳ ከነጨጓራው ተጥሎ ዝንብ ሲወረው ታያላችሁ። የሚገዛው የለም።

ነጋድራሱ ተሳሳተ ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። እሱ ታክስ ጣሉ ብሎ አላቆመም። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጽሑፍ የጠየቀው ብዙ ነው፦ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብር ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ የጉምሩክ ሥርዓት አንድ ወጥ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ የሕግ መጽሐፍ ይዘጋጅ። ሥርዓት ከሌለው ሰፊ መንግሥት በሕግ የምትኖር ትንሽ ከተማ ትበልጣለች ይላል። ለእሱ ቀረጥ፣ ሕግና ትምህርት አንድ ጉዳይ ናቸው። እኛ ለሦስት ሚኒስቴር አከፋፈልናቸውና ቀረጡን ብቻ አጥብቀን ያዝን። ቆዳውን በወጉ የሚገፍፍ፣ ኬሚካሉን የሚያውቅ፣ ጫማውን ሚላን የሚሸጥ ሰው ሳናፈራ ጥሬውን መከልከል ቆዳውን ቱቦ ውስጥ ከተተው።

ይህን ሁሉ ሰሞኑን ያናገረኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቆ፣ ሥራ ሲያጣ ጁስ ቤት ሊከፍት ተነሥቷል። ስለ ነጋድራሱ ስነግረው «ጋሼ፣ ሪካርዶ እኮ ይህን መልሶታል» አለኝ። የእንግሊዛዊውን የኢኮኖሚ ሊቅ የሪካርዶን ምሳሌ በቁጥር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1817 በወጣው መጽሐፍ፣ ጨርቅ ለመሥራት ፖርቱጋል 90 እንግሊዝ 100 ሠራተኛ፣ ወይን ለመሥራት ደግሞ ፖርቱጋል 80 እንግሊዝ 120 ሠራተኛ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ፖርቱጋል በሁለቱም ብትበልጥም ወይኑ ላይ ብታተኩር ሁለቱም ይጠቀማሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አልተከራከርኩትም። ያላስተማሩት ግን ፖርቱጋል ለእንግሊዝ ጨርቅ ገበያዋን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1703 በተፈረመ ውል መሆኑን ነው። ምሳሌው ከሰማይ የወረደ አይደለም። የገብረ ሕይወትን ስም በአራት ዓመት ትምህርቱ አንድ ጊዜ እንኳ አለመስማቱ ደግሞ ለብቻው አናደደኝ።

ከዚያው ልጅ ጋር ነው የሱቅ ኪራይ ውል ላይ ምስክር ሆኜ የሄድኩት። አከራይዋ ፖስታ ቤት አካባቢ ከመንገድ ዳር ቤት ያላቸው እማማ ናቸው። ውሉን የጻፈልን ፍርድ ቤት አጠገብ ላስቲክ ወጥሮ የሚሠራ ጸሐፊ ነው። ስማችንን፣ ብሩንና ቀኑን ብቻ ነገርነው፤ የቀረውን ጣቶቹ በልማድ ያውቁታል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሌም እንደሚደረገው፣ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር) 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው ብሎ አሰረው። እማማ «ምን አለ ልጄ?» አሉኝ። «የተዋዋላችሁት ነገር ለሁለታችሁ ሕግ ነው ይላል» አልኳቸው። «እኔና ይህ ልጅ ነን ሕግ የምናወጣው? ጉድ ነው!» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው፣ ጉድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ዣን ዶማ ከሚባል የፈረንሳይ የሕግ ሰው ነው የሚጀምረው። የፈላስፋው የፓስካል ጓደኛ ነበር፤ ሰዎች የተስማሙበት ነገር ለተስማሙት ሰዎች በሕግ ቦታ ይቆማል ብሎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1804 የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1134 ላይ አስገባው። ከዚያ ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ የፓሪስ ፕሮፌሰር በአፄ ኃይለ ሥላሴ ተጠርተው የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ አረቀቁ። ወደ አማርኛ ተመልሶ በ1952 ዓ.ም. በ3,367 ቁጥሮች ታወጀ። የንግድ ሕጉ፣ የወንጀል ሕጉና የቤተሰቡ ክፍል ተቀይረዋል፤ ስለ ውል የሚናገረው ግን ይኸው አዳማ ላይ በላስቲክ ሥር ይሠራል። የዶማን ስም ጸሐፊውም ዳኛውም ላያስታውሱት ይችላሉ።

ዳቪድ በኋላ በጻፉት ጽሑፍ ኢትዮጵያ የራሷን ሕግ በልምድ እያጠራቀመች እስክትሠራ 300 ወይም 500 ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብለዋል። ችኮላቸው ይገባኛል፤ ባለሀብት መጥቶ «ሕጋችሁ የታል?» ሲል ሽማግሌ ጥራ አይባልም። ቁጥር 3347 ግን ያንገበግበኛል። በዚህ ሕግ በተሸፈነ ጉዳይ የነበረው ልማድ ሁሉ፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፣ ተሽሯል ይላል። በአንድ መስመር! ቦረና ላይ ጉሚ ገዮ የሚባለው የሕዝቡ ታላቅ ጉባኤ በየ8 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን በአደባባይ በቃል ያሰማል፣ ይመረምራል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የዚያ ሕግ አሳቢዎች ስማቸው በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ስላልተጻፈ እንደሌሉ ተቆጠሩ። በዚያ ላይ ሽማግሌው አሁንም አለ፤ እኔ እንኳ በአጥር ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳልሄድ ሽማግሌ ፊት ነው የጨረስኩት።

ከውጭ መጣ ብሎ ብቻ ማማረሩ ግን ብዙ አያስኬድም። ፍትሐ ነገሥቱም የተጠናቀረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ አገር፣ በዐረብኛ፣ በቅብጡ ሊቅ በኢብን አል-አሳል እጅ ነው። ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ብድር ለብዙ ዘመን ፈረድንበት። ማንም «የግብፅ ነው» ብሎ አይጠራውም።

ዳቪድን የምወድላቸው ቁጥር ደግሞ አለች፤ 1728። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው በጣቱ ቢፈርም፣ ውልና ማስረጃ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አይገደድበትም። እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ ሲያትሙ ይህን አነሣሁ። ጸሐፊው ፊቱን አጠቆረ፣ ልጁ የአገልግሎቱ ክፍያ አሳሰበው። እማማ ግን «ሰኞ እንሂድ፤ ይነበብልኝ» አሉ። ሰኞ ሄድን። መዝጋቢዋ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ የማን እንደሆነ አለመጻፉንም ያገኙት እዚያ፣ እሳቸው ናቸው።

የገረመኝ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ያጫወቱኝ ነው። ፊደል ቆጥረው ያውቃሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ተምረው፣ ስማቸውን መጻፍ ችለው፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ወረቀቱ አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ አለ። ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ለእማማ የሚነበብ ነገር ማን ሰጣቸው? ጋዜጣ ቤታቸው አይመጣ፣ የሚጻጻፉት ዘመድ የለ፤ ፊደሉ ቀስ በቀስ ጠፋ። አውራ ጣታቸው ቀረ።

ትምህርት ላይ የሰው ሐሳብ እንዴት እንደሚፋጅ ከቤቴ ነው የማውቀው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ አዳማን አሁንም ናዝሬት ነው የሚላት። በ1966 ዓ.ም. የካቲት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ጥናት ተቃውመው መምህራን ሥራ ሲያቆሙ እሱም ነበረበት። ታክሲዎቹም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት የቆሙት በዚያው ሰሞን ነው። የጥናቱ ሰዎች ሐሳብ አብዛኛው ልጅ 4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ ሥራ ይግባ፣ ከፍተኛው ትምህርት ይጥበብ፣ ምሩቅ ሥራ ፈት አናብዛ የሚል ነበር። አባቴ «የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር ነው ያሉት» ይላል፤ እስከ ዛሬ ይቆጣበታል። ወላጁም እንዲያው ነበር የተረዳው፤ መንግሥትም ከጥናቱ ወደ ኋላ አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ራሱ መንግሥቱ ወደቀ።

አባቴን ልክ ነህ እለዋለሁ። ልጅን ገና በአራተኛ ክፍል «አንተ እዚህ ቁም» የሚል ሐሳብ፣ ከየትም ባለሙያ ይምጣ፣ አይዋጥልኝም። ነጋድራሱም የጠየቀው ዕውቀት ለጥቂቶች ተመጥና እንድትሰጥ አይደለም። ግን ደግሞ ሪካርዶን በቃሉ የሚያውቀው ልጅ፣ ዲግሪውን ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ከብሌንደሩ በላይ ሊሰቅለው እንደሆነ ነግሮኛል። የጥናቱ ሰዎች ይህን ቢያዩ «ብለን ነበር» ማለታቸው አይቀርም፤ አባቴ ለዚህ መልስ አለው ብዬ አስባለሁ፤ እሁድ ምሳ ላይ አነሣበታለሁ፣ ቢቆጣም ይቆጣ።