ከጋሼ ጋር ወደ ጢስ ዓባይ

ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተፈጠረች ከተማ። ጣናን ተከትሎ በሚሄደው የዘንባባ ጎዳና ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል ሲረግጥ ይውላል። አጎቴ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ሁሉ ሰው ሳይክል ሲጠግኑ ኖረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ግን ኮርቻ ላይ መውጣት ቀረ። ባጃጅ ጠርቼ የፈለጉበት ላደርሳቸው እችላለሁ፤ የናፈቃቸው ግን መድረሱ ሳይሆን ሳይክሉ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከማውንቴን ሳይክሌ ቀኝ ጎን ሳይድካር፣ ማለትም ከሳይክሉ ጋር የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ የተሳፋሪ ጋሪ፣ ሠርተን፣ መስከረም ሲጠባ ጢስ ዓባይ ልንወርድ ተስማማን።

ከኋላ የሚጎተት ጋሪ ለመሥራት ይቀል ነበር፤ እኔ ግን አልፈለግሁትም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የነጂውን ጀርባ ሲያይ ይውላል፤ ጎን ለጎን የሆነ ሰው ግን ይጫወታል። ምያንማር ውስጥ ሳይካ የሚባለው የከተማ ታክሲ በዚሁ መልክ የተሠራ ነው፤ ተራ ሳይክል፣ ጎኑ ላይ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ የሚያስቀምጥ ወንበር።

ሥራው ከቴላዮው፣ ከሳይክሉ አጽም፣ ጀመረ። ሳይክሌ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም ደግሞ ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ያለው ክፍል ጥንካሬውን ያጣል። ጋሼ አንዲት የብየዳ ነጥብ እንዳታርፍበት ከለከሉ። በያጁ ዘንድ ከወፍራም ላሜራ ጋሪውን ከቴላዮው ጋር የሚይዝ ማቀፊያ አስቆረጥን፤ ውስጡን አሮጌ ካላማዳሪ አልብሰን በአራት ቦታ በብሎንና በዳዶ አጠበቅነው። የሳይድካሩ ጋሪ አጽም ቱቦላሬ፣ ወለሉ ጣውላ ሆነ።

ብዙ የተከራከርነው በጎማው ላይ ነው። የእኔ ሳይክል 26 ቁጥር ነውና ለጋሪውም ያው ቢሆን ያምራል አልኩ። ጋሼ የልጆች ሳይክል 20 ቁጥር ይሁን አሉ፤ ምክንያታቸውም ልክ ነበር። ሳይክል ሲታጠፍ ስለሚያጋድል ክብደቱ ጎማው በቆመበት አቅጣጫ ይወርዳል። ሳይድካር የታሰረበት ግን አያጋድልም፤ በየመታጠፊያው ጎማው ከጎን ይገፋል። ራጂ፣ ማለትም የጎማው ሽቦ፣ ከላይ የሚመጣ ሸክም እንጂ የጎን ግፊት አይወድም፤ አጭር ራጂ ያለው ትንሽ ቸርኬ ይሻለዋል።

መስመር ማስያዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እሱ ካልሰመረ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። የጋሪውን ጎማ ከሳይክሉ የኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ያህል አስቀደምነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ፌሮዎች ከጎማዎቹ ጎን መሬት ላይ አጋድመን በሜትር ለካን፤ ከፊት ያለው ርቀት ከኋላው በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲጠብ አደረግን። እንዲህ ካልሆነ ሳይክሉ ሁልጊዜ ወደ ጋሪው ይስባል። ሳይክሉንም ጥቂት ወደ ግራ አዘንብለን አሰርነው፤ ጋሼ ሲቀመጡ ቀጥ አለ።

ከዚያ መንዳቱን እንደ አዲስ ተማርኩ። በሰውነት ማጋደል ቀርቷል፤ መሪውን በክንድ ጉልበት ማዞር ነው። ፔዳሉን ስረግጥ ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይወስደኛል፤ እኔ ስቆም ጋሪው መሄድ ይፈልጋልና። ባዶውን ቀኝ ስታጠፍ የጋሪው ጎማ ከመሬት ስለሚነሳ መጀመሪያ የተለማመድኩት አንድ ኬሻ አሸዋ ጭኜ ነው። ለግራው መሳብ መፍትሔ ያመጡት ጋሼ ናቸው፤ ለጋሪው ጎማ ለብቻው ፍሬን አስገጠሙና መያዣውን ራሳቸው ያዙት። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም የሳይድካር ሞተር ሳይክል ውድድር ተሳፋሪው በየመታጠፊያው ሰውነቱን እያጋደለ ከነጂው እኩል ይሠራል። እኛም እንደዚያው ሆንን፤ እኔ «ቀኝ!» ስል ጋሼ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፣ «ፍሬን!» ስል አብረን እንይዛለን።

ወደ ጢስ ዓባይ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያኔ ኮረኮንች ነበር። ድንጋዩን ሁለት ጎማ ይሸሸዋል፤ ሦስት ጎማ ግን አንዱን ሲያመልጥ ሌላው ላይ ይወጣል። ቢሆንም ጋሼ አልተማረሩም። ማሽላው አድጓል፤ ከየማሳው ሰላምታ ይመጣል። አንድ ገበሬ አስቆመንና «ይህ ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ነገሩን ከልብ ይዘው ስለ ራጂ፣ ስለ ጎማና ስለ ማቀፊያ አስረዱት፤ «ኩንታል አይችልም፤ ወፍራም ቸርኬ ካገኘህ ግን ና፣ እንነጋገራለን» አሉት። መንገድ ላይ እንደገና ባለሙያ ሆነው ሳያቸው ደስታዬ ወሰን አጣ። ጎን ለጎን መሆናችን ባይሆን ይህን ፊታቸውን አላየውም ነበር።

መንደሩ ስንደርስ በፖርቱጋል ድልድይ የሚያልፈው የእግር መንገድ ለእሳቸው ጉልበት ስለሚከብድ ሳይክሉን አስጠብቀን በጀልባ ተሻገርን። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ ብዙው ውኃ ወደዚያ ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። በመስከረም ግን ሞልቶ ነበር፤ ጉሙ ልብሳችንን አራሰው። ጋሼ በምርኩዛቸው ቆመው ረጅም ሰዓት አዩት።

መልሱ ዳገት ነው። በትንሹ ማርሽ እየረገጥኩ፣ ዳገቱ ሲጠና ወርጄ እየገፋሁ፣ ጋሼ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬን እየያዙ ሳይመሽ ገባን።

በማግስቱ ፈትሸነው የጋሪው ጎማ ሁለት ራጂ ተሰብሯል፤ የኋላው ማቀፊያ ዳዶ ላልቷል። ራጂውን ቀየርን፤ ዳዶው እንዳይላላ ሌላ ዳዶ ደረብንበት። ጋሼ ደግሞ የፍሬኑ መያዣ ወደ ግራ እጃቸው እንዲዛወር አዘዙኝ፤ በቀኛቸው የጋሪውን ጠርዝ ይዘው የበለጠ ማጋደል ይፈልጋሉ።