ቡናዎች መሃል ተቀምጬ ኳስ ያየሁ ቀን

እኔ ጊዮርጊስ ነኝ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለውን አንብቦ "ይሄ ሰውዬ ቡና ሆነ" የሚለኝ አይጠፋም። አልሆንኩም። የተቀናቃኛችን የኢትዮጵያ ቡና ኳስ ሲያምር "ያምራል" ማለት ግን ለምጃለሁ። ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ በመሃልም አንድ ሻርፕ ከስሬያለሁ። ያኔ የሚመክረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሻርፑ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ይኖር ነበር።

ነገሩን የጀመረው የእህቴ ባል ነው። ሰውየው ቡና ነው፣ ያውም የለየለት። ምሳ ላይ የሸገር ደርቢ፣ ማለትም የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ፣ ከተነሳ እህቴ ሰሃኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። አንድ እሁድ "ዕድሜ ልክህን ከማዶ ሆነህ ነው የምትሰድበን፤ እስቲ አንዴ እኛ ጋ ተቀምጠህ እየው" አለኝ። እልህ ያዘኝና እሺ አልኩ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሳይዘጋ በፊት ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ትኬቱን እሱ ገዛ። እኔ ግራጫ ጃኬት ለበስኩ። ለገሃር ተገናኘን፣ ማኪያቶ ላዝዝ ስል "ዛሬማ ቡና ነው የምትጠጣው" ብሎ ጥቁር ቡና አዘዘልኝ። ሳቅን። ወደ ስታዲየም ወረድን።

ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። በጃኬቴ የውስጥ ኪስ የጊዮርጊስ ሻርፔን አጣጥፌ ይዣለሁ። 2009 ላይ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ድልድል የገባን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ስንሆን የገዛሁት ነው። ለምን ይዤው ሄድኩ? ካሸነፍን ስወጣ አንገቴ ላይ ልጠመጥመው። እውነቱ ይኸው ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ እየሄድኩ የፉከራ ዕቃ ይዤ ነበር።

ሰልፉ ቡኒ በቡኒ ነው። ፍተሻው ጋ ስንደርስ የእህቴ ባል ቀድሞኝ አለፈ። ፖሊሱ ደረቴን ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጨርቅ ነው" አልኩ። ጨርቅ! ለዚያ ሻርፕ ጨርቅ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጎተተው። ሻርፕ ደግሞ አንዴ አይወጣም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ "ቅዱስ" የሚለው ብቅ አለ። ከኋላዬ አንዱ "ወንድም፣ ከቅዳሴ ነው እንዴ የመጣኸው?" አለ። ቀጥሎ "ጊዮርጊስ" ሲወጣ ሰልፉ በሳቅና በፉጨት ፈረሰ። "ሰላይ ተያዘ!" የሚል አለ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ይህ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። የእህቴ ባል ዞር ብሎ አየኝና "ይዘኸው መጣህ?" ብቻ አለኝ። ያቺን ድምፅ ከስድቡ ሁሉ በላይ አልረሳትም።

ከዚያ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ነኝ የሚል፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው መጣ። "በደንቡ መሠረት የተቃራኒ ደጋፊ በዚህ በር አይገባም፣ ወደ ማዶ ሂድ።" ትኬቴ የዚህ በር ነው አልኩት። "እሱ አይመለከተኝም።" ማዶ ብሄድ በዚህ ትኬት ያስገቡኛል? "እሱንም እዚያ ጠይቅ።" ደንቡ የት ነው የተጻፈው ብዬ ብጠይቀው በጣቱ ሰደርያውን ነካ ነካ አደረገ! እንዲህ እያለን ውስጥ ጨዋታው ተጀመረ። ሕዝቡ "ኡኡ" ሲል ይሰማኛል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእህቴ ባል እኔን ጥሎ መግባት አቅቶት አጥሩ ሥር ቆሟል፣ እኔ ደግሞ በክርክር ማሸነፍ አለብኝ ብዬ ከሰደርያ ጋር እሟገታለሁ። ቀድሜ ይቅርታ ጠይቄ ሻርፑን ባስረክብ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ያስገቡኝ እነማን መሰሏችሁ? እነዚያው ሲስቁብኝ የነበሩት። "የኛ እንግዳ ነው፣ ልቀቀው! ኳሱ አለፈን እኮ!" እያሉ ሰውየውን ወጠሩት። በመጨረሻ "ሻርፑ እዚህ ይቀራል፣ ስትወጣ ትወስዳለህ" ብሎ ከቀበቶና ከላይተር ጋር ካርቶን ውስጥ ወረወረው። ስወጣ ካርቶኑም የለም፣ ሰደርያውም የለም። አንድ ዘበኛ "የምን ካርቶን?" አለኝ።

ውስጥ የሆነው አጭር ነው። ውጤቱን አልጽፍም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፊቴ የተቀመጠ፣ ማልያው የነጣ አንድ ጋሼ ነበሩ። የኛ የመስመር አጥቂ ሁለት ተከላካይ አልፎ ሲያሻማ ራሳቸውን ይዘው "ወይኔ፣ ይሄ ልጅ የኛ በሆነ!" አሉ። አጠገባቸው ያለውም "ጎበዝ ነው" አለ። ማንም ከሃዲ አላላቸውም። እኔ በኛ በኩል ስቀመጥ ስለ ቡና ተጫዋች እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶኝ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ቡናዎች በአንድ ንክኪ አምስት ስድስት ቅብብል ሲያደርጉ እጄ ራሱ አጨበጨበ። የእህቴ ባል አየኝ፣ ምንም አላለም። በሱ ቤት ይቅርታ ማድረጉ ነው።

እንግዲህ ምክር ከፈለጋችሁ፣ እንደኔ በደርቢ አትጀምሩ። ተቀናቃኛችሁ ከሌላ ክለብ ጋር ሲጫወት እዩት፣ ያኔ ዓይናችሁ ንጹሕ ነው። እኔ ይህ የገባኝ ሊጉ በ2013 በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ነው። ቤቴ ሶፋዬ ላይ ሆኜ የቡናውን አጥቂ አቡበከር ናስርን አየሁት። በዚያ ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዱን ሲያገባ ብድግ ብያለሁ፣ የቤት ሰው ምስክር ነው። በኋላ የደቡብ አፍሪካው ክለብ ሰንዳውንስ ሲወስደው ደስ አለኝ፣ 2009 በምድባችን የነበረው ሰንዳውንስ ማለት ነው። ለቡና ልጅ ደስ ሲለኝ ሳየው ራሴን ታዘብኩት። ግን ምኑ ይገርማል? ኃይሌ ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ አገር በእልልታ አብዷል፣ ሆኖም ቴርጋትን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ለሩጫ የሆነልን ለኳስ ለምን ያቅተናል?

ከጨዋታ በፊት "ስፖርታዊ ጨዋነት" የሚል ባነር ይዞ ሜዳ መዞር ደግሞ አለ። ባነሩን አልጠላም። ግን ባነር ይዘው የሚዞሩት ሰዎች ናቸው በር ላይ ለይተው የሚያስቆሙህ። ደጋፊን ለይቶ ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው ይላሉ፣ ለቡድን ልክ ናቸው፣ አምስት ሆናችሁ ማልያ ለብሳችሁ ማዶ ብትገቡ ጠብ ፍለጋ ነው። ብቻህን ከሆንክና የሚያስገባህ ባለቤት ካለህ ግን ሂድ። ኪስህን አራግፈህ ሂድ።

ከወር በኋላ የእህቴ ባል ቤቴ መጣ። ጥቁር ፌስታል ይዟል፣ አፉን ሁለቴ ቋጥሮታል። ሰጠኝ። ስፈታው አዲስ የጊዮርጊስ ሻርፕ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ሱቆች ነው የገዛው። "ሻጩን ራሱ ጠቅልለው አልኩት፣ በእጄ አልነካሁትም፤ ደግሞ ለማንም እንዳታወራ" አለኝ።