ኤሲው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት

ድሬ ላይ ሆኖ ኤሲ አጥፉ የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም፣ ይገባኛል። ቤታችሁ እንደፈለጋችሁ። ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ላይ ግን ይጥፋ ባይ ነኝ።

ግድግዳ ላይ የምናያቸው ኤሲዎች አብዛኞቹ አየር ከውጭ አያስገቡም። ያንኑ የክፍሉን አየር ስበው፣ አቀዝቅዘው ይመልሱታል። ቲቢ ያለበት ሰው እዚያ ካሳለ ጀርሙ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተብሎ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ስላለ መውጫ የለውም። አጠገቡ ደግሞ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሊወስድ የመጣ ሰው ተቀምጧል።

ደቡብ አፍሪካ፣ ቱጌላ ፌሪ የሆነውን እንይ። በፈረንጆቹ 2006 በወጣው ጥናት፣ ዋና ዋና መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ 53 ሰዎች ላይ ተገኘ። ኤችአይቪ የተመረመሩት 44 ሲሆኑ ሁሉም ቫይረሱ ነበረባቸው። ከ53ቱ 52ቱ ሞቱ፤ ግማሽ ያህሉ አክታቸው ከተወሰደ በ16 ቀን ውስጥ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፦ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው አያውቁም። ብዙዎቹ በቅርብ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እኛ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲባል ወዲያው "ክኒኑን አቋርጦ ነዋ!" እንላለን። አቦ፣ ያልጀመረውን እንዴት ያቋርጣል? መድኃኒት የተላመደው ጀርም ራሱ ከሌላ ሰው በአየር ተላልፎበት ነው እንጂ።

ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ ሆስፒታሎች ላይ ተለክቷል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር፤ አየር በማሽን የሚገባባቸው ክፍሎች ግን 12 ላይ ቀሩ። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት 40 ደረሱ። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች አስቧቸው። አሁን የምንሠራው መስታወት በመስታወት ነው፣ የሚከፈተው ደግሞ ጠርዙ ብቻ።

ሌላው ብዙ ወጪ የለውም። የሚያስል ሰው ካርድ ክፍል ላይ ይለይ፣ ማስክ ይሰጠው፣ ውጭ ጥላ ስር ይቀመጥ፣ ቅድሚያ ይስተናገድ። አክታ የሚመረምረው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ካለ ቲቢ መሆኑን፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱንም ጭምር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይናገራል፤ የሚያዘገየን ማሽኑ ሳይሆን አክታው ጠረጴዛ ላይ ውሎ ማደሩ ነው። ተራ ማስክ ለሚያስለው ነው፤ ነርሷ ግን ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ አየሩን የሚያጣራው ማስክ ያስፈልጋታል።

ሙቀቱስ ላላችሁኝ፦ ፋን ይሁን፣ መስኮቱ ተከፍቶ። አቧራ ገባ ብሎ የሚዘጋ ካለ ተነስታችሁ ክፈቱት፣ ማንም አይቆጣችሁም። ቢቆጣም ክፈቱት።