በየክረምቱ የሚታጠበውን ጠጠር መንገድ እንዴት አጠናከርነው

የተሰጠን ሥራ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚቆራረጥ የጠጠር መንገድ ማሻሻል ነበር። በጀቱ ጠባብ ስለሆነ ሙሉውን አስፋልት ማልበስ አይታሰብም።

መጀመሪያ ሆን ብለን ዝናብ እየዘነበ መንገዱን በእግር ሄድንበት። ይህን ለማንም እመክራለሁ። በደረቅ ቀን ደህና የሚመስለው ቦታ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው፤ የቱ ካልቨርት (ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ) እንደተደፈነ፣ ጎርፉ የት ጋ ከቦይ ወጥቶ መሃል መንገድ እንደሚይዝ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ አፈሩን በዲሲፒ ፈተሽን። 8 ኪሎ መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ሹል ዘንግ ወደ መሬት የሚያስገባ ቀላል መሣሪያ ነው፣ መብራት እንኳ አይፈልግም። ሲደርቅ ጠንካራ የነበረው ሸክላ አፈር ሲርስ ምን ያህል እንደሚላሽቅ ዘንጉ በየምቱ የገባበት ጥልቀት ራሱ ይነግራችኋል።

ስለዚህ ገንዘቡን ቀድመን ውሃው ላይ አዋልነው። የመንገዱን መሃል ከቦዩ ወለል ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግን፣ ጠጠር ሆኖ በሚቀረው ክፍል ከመሃል ወደ ጎን ከ4 እስከ 6 በመቶ ተዳፋት ሰጠን፣ ቁልቁለት ላይ ያሉት ቦዮች እንዳይቦረቦሩ ድንጋይ ደረደርንባቸው።

የመንገዱ የላይ ልብስ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዳገቱ ላይ ኮንክሪት፣ ሜዳው ላይ ኦታ ሲል። ይህ ዘዴ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኖርዌይ የተጀመረ ነው፤ ለስላሳ ሬንጅ ይረጭና ትልቅና ትንሹ የተቀላቀለ ጠጠር ይበተንበታል፣ ሮለርና የመኪና ጎማ ሲያሹት ሬንጁ ወደ ላይ እየወጣ ያያይዘዋል። አንድ ዓይነት መጠን ያለው የተፈጨ ጠጠር ከሩቅ ማመላለስ ቀረልን። መጀመሪያ ሰሞን መልኩ አያምርም፣ ታገሱት።

ሾልደሩን (ከመኪና መሄጃው ውጭ ያለውን የመንገድ ዳር) ግን ሳታለብሱ አትተዉት! እርጥበት ከለበሰው ጫፍ ወደ ውስጥ 1 ሜትር ገደማ ይዘልቃል፣ የከባድ መኪና ጎማ የሚረግጠውም እዚያው አካባቢ ነው። በአክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል፤ መሬቱ በራሰበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የጭነት መኪኖች ቆመው እንዲጠብቁ ከሹፌሮች ጋር መስማማት ከግንባታው ሁሉ የከበደን ሥራ ነበር፣ ግን ሠርቷል።

አሁን የምንከራከረው በጠረጋው በጀት ነው። ቦይና ካልቨርት የሚጠረገው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ገንዘቡ ግን ሁሌም ከዝናቡ በኋላ ይመጣል።