አንዲት ቁንጥር ጨው

የውሃ ማጣሪያ የሸጠ ሰው ያቺን ዕቃ ያውቃታል። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የደንበኛው ውሃ፣ ሌላው ውስጥ በእኛ ማጣሪያ ያለፈ፣ ሁለቱም ውስጥ የብረት ዘንጎች ይነከራሉ። ሶኬት ላይ ሲሰካ የደንበኛው ውሃ አተላ ይመስላል፣ የእኛው ኩልል እንዳለ ይቀራል። "እስከ ዛሬ የምትጠጡት ይህንን ነበር" ይባላል። ይህን አቀራረብ እንደማልወደው ለኃላፊያችን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። መልሱ "ሰው የሚገዛው በዓይኑ ያየውን ነው" ነበር።

አዳማ፣ የራሱ ጉድጓድ ያለው አንድ ሆቴል አብረን ሄድን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ውሃውን አስመርምረን ውጤቱን ይዘን እንቅረብ ብዬ ነበር። ኃላፊው ግን ዕቃዋን ከቦርሳው አወጣ።

ውሃው ሲደፈርስ የሆቴሉ ባለቤት ደነገጡ። "ወይ ጉዴ! ልጆቼን ይህን ነው የማጠጣው?"

ፓምፑን የሚይዙት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ቴክኒሻን ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ እስቲ ያንተኛው ላይ ቆንጠር አድርገህ ጨው ጣልበትና ድገመው።"

"ጨው ለምን?"

"ግድ የለህም፣ ጣልበት።"

አስተናጋጇ ጨው አመጣች። የእኛም ውሃ ደፈረሰ።

"እትዬ፣ ይሄ ዝገት ነው" አሉ ጋሼ። "የሚሟሟው ብረቱ ነው። የእነሱ ውሃ ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ ለዚያ ነው ዝም ያለው።"

ጋሼ ያሉት አንድም ስህተት የለበትም። ዕቃዋ ስለ ፍሎራይድ የምትናገረው ነገር የለም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ እውነተኛ ችግር እያለ በማስፈራሪያ መግባታችን ነው። ባለቤቷ "ብናፈላውስ?" ብለው ሲጠይቁ፣ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያወጣ፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም መጠኑ እንደሚጨምር አስረዳሁ። አላመኑኝም፤ ዞረው ጋሼን አዩ። እሳቸው "እሱስ እውነቱን ነው" ባይሉ ኖሮ ያን ዕለት ተሸኝተን ነበር።

ውሃው ተመረመረ፣ ከልኩ በላይ ሆነ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዬን ሄጄ ገለጻውን ፓምፑ አጠገብ ቆሜ ለጋሼ አደረግሁ። ሜምብሬኑ፣ ማለትም ውሃውን የሚያጣራው ስስ ሽፋን፣ መቼ ይቀየራል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ማሽኑ ሲያጣራ ስንት ውሃ ይደፋል? ከሚገባው ውሃ ቀላል የማይባለው እንደሚደፋ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ለመታጠቢያ አያስፈልግም፣ ለወጥ ቤትና ለመጠጥ ይበቃል ተባብለን ካሰብነው ያነሰ ማሽን ገዙ።

ኃላፊው ሪፖርቱ ላይ "በሠርቶ ማሳያ የተገኘ ሽያጭ" ብሎ አሰፈረው። በዚያው ሰሞን ሌላ ከተማ ላይ በዚያችው ዕቃ ትልልቅ ማሽኖች ሸጧል፤ እዚያ ጨው ጣልበት ያለው ሰው አልነበረም። የወሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ የሚመሰክረው ለእሱ ነው። እኔ የያዝኳትን ዕቃ ግን ለንብረት ክፍል አስረክቤ ፈርሜያለሁ።