ቡናው ከወክ በኋላ

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካዋ ሲያትል ልመጣ ስነሳ ሰው ሁሉ ያስጠነቀቀኝ ስለ ዝናቡ ነው። ስለ ጨለማው የነገረኝ ግን አልነበረም። ዝናቡማ ምን አለው? በመጠን ከተለካ እንዲያውም የአዲስ አበባው ይበልጣል። የእኛው ግን ሲመጣ አምርሮ ይመጣል፤ ዶፉን አውርዶ፣ ጎርፉን አስኪዶ ፀሐይ ይወጣል። የሲያትሉ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እያካፋ ይከርማል። አምርሮ አይዘንብም፣ አያባራም።

ልብ የሚያወልቀው ጨለማው ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ 47 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ነው ያለችው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ። (ሰዓት የምቆጥረው እስካሁን በሀገሬ ነው፣ አልተውኩም።) ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነግቶ 12 ሰዓት ገደማ ለሚመሽበት አገር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ላይ ደግሞ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሱታል። ትናንት 12 ሰዓት ሊሆን ሲል የመሸው፣ ዛሬ 11 ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል።

የመጀመሪያው ዊንተር ላይ ኑሮዬ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሆነ። እንቅልፍ አልጠግብም። ሰው ማግኘት ያስጠላኛል። ሐኪም ጋ ስሄድ ቫይታሚን ዲ በጣም ወርዷል ተባልኩ። ይሄ ለእኛ የተለመደ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ የሲያትል የዊንተር ፀሐይ ደግሞ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ለዚህ አትበቃም። ስለዚህ ለቫይታሚኑ ኪኒኔን እውጣለሁ። ወክ የጀመርኩት ለሌላው ነው፤ ለእንቅልፉ፣ ለመንፈሴ፣ ለብርሃኑ። ሰማዩ ዳምኖ እንኳ የውጭው ብርሃን ከሳሎን አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በሳምንት ሦስት ቀን ልውጣ ብዬ አላሰብኩም። ሦስት ቀን ካልኩ በየጠዋቱ «ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» የሚል ድርድር አለ፣ ድርድሩን ደግሞ ሁልጊዜ አልጋው ነው የሚያሸንፈው። በየቀኑ ከሆነ ግን ጥያቄ የለም። ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ጠዋቱ የእኔ ነው። አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ቡና የማፈላው ከወክ ስመለስ ነው። ቡና ለለመደ ሰው ከዚህ የበለጠ ጅራፍ የለም። እቤት ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፤ ለመጠጣት ደግሞ መውጣት አለብኝ።

ቦታው ሱዋርድ ፓርክ ነው። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሬይኒየር ሸለቆ ሩቅ አይደለም፤ ከኦቴሎ የባቡር ጣቢያ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። በዋሽንግተን ሐይቅ ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መዞር አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ መኪና አይገባበትም። በግራህ ሐይቅ፣ በቀኝህ ጫካ። ከተማዋ ቦታውን የገዛችው በፈረንጆቹ 1911 ሲሆን ጫካው ስላልተጨፈጨፈ ከ200 ዓመት በላይ የቆዩ ዛፎች አሉበት። የመርከብ ቦይ ሲከፈት በፈረንጆቹ 1916 የሐይቁ ውሃ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ስለወረደ፣ አሁን የምንሄድበት ዳርቻ ድሮ ውሃ ውስጥ ነበር። ጭንቅላታቸው ነጭ የሆኑት ንስሮች ዛፎቹ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ሰማዩ ከጠራ በደቡብ በኩል የሬይኒየር ተራራ በበረዶው ብቅ ይላል። ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። ይሄን ለፈረንጅ ባልደረቦቼ መንገር ደስ ይለኛል።

የልብሱን ነገር ያስተማረችኝ ፓርኩ ውስጥ የተዋወቅኋት አንዲት እናት ናት። እማማ ነው የምላት። ነጠላዋን ከዝናብ ጃኬቷ ላይ ጣል አድርጋ በየጠዋቱ ትዞራለች። መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ዛፍ ሥር ቆሜ ዝናቡ እንዲያባራ እየጠበቅሁ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስኪያባራ ነው፣ እማማ።»

«እስከ ሰኔ እዚሁ ልትቆሚ ነዋ!»

ጂንሴን አይታ ሳቀች። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ገላ ላይ ተለጥፎ ያንቀጠቅጣል። ጂንስ ደግሞ ጥጥ ነው። ከውስጥ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ያ ብቻ ይበቃል። ሁሉንም ከሰልባጅ ቤት በርካሽ ገዛሁ። አዲስ የገዛሁት ጫማውን ብቻ ነው፤ በጫማ መቆጠብ አልመክርም። ጃንጥላ የሚይዝ ሰው እዚህ ብዙም አይታይም፣ እኔም ተውኩት።

ከእማማ ጋር መዞር ከጀመርን ወዲህ መቅረት ቀርቷል። ቀጠሮ የለንም። ካልመጣሁ ግን ትደውላለች፣ «አሞሻል?» ትላለች። አላመመኝም ብሎ መመለስ ይከብዳል። ከጊዜ በኋላ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነን ስንዞር ወሬው ከወኩ ይረዝማል። የቤት ኪራይ የት እንደረከሰ፣ የትኛው ቀጣሪ እንደሚሻል የሰማሁት እዚያ ነው። ስፖርት ቤት ገብቼ ማሽን ላይ ብሮጥ ይሄን አላገኝም ነበር። ለአዲስ መጤ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል፣ ከጤናውም በላይ።

እናቴ ግን እስካሁን አልገባትም። ስትደውል መንገድ ላይ ስታገኘኝ «የት እየሄድሽ ነው?» ትላለች። የትም ስላት ዝም ትላለች። አንድ ቀን ቆየት ብላ «መኪናው ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እድሜዋን ሙሉ በእግሯ የሄደችው ታክሲ ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያጥር ነው። አሜሪካ ደርሶ በዝናብ በእግር መዞር ለእሷ ኑሮ አልሳካ ያለው ሰው ምልክት ነው። አሁን «እየተናፈስኩ ነው» እላታለሁ፣ ይሻላታል።

ጾም ሲሆን አካሄዴን አለዝባለሁ። በሁዳዴ ባዶ ሆድ ሽቅብ መውጣት ያዞራል፣ ስለዚህ የሐይቁን ዳር ብቻ እይዛለሁ። በዚያን ሰሞን ቡናውም ስለሚዘገይ ሕጉ ትርጉም ያጣል፤ የሚያስወጣኝ የእማማ ስልክ ነው።

በጋው ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ በጭቃ በምትቦካበት በሐምሌና በነሐሴ ሲያትል ደረቅ ናት። ሰኔ ላይ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ፀሐይ የምትጠልቀው። ነሐሴ ላይ በየአጥሩ ጥግ ጥቁር እንጆሪ ይበስላል፤ ከተማው እንደ አረም ስለሚያየው ስትለቅም የሚቆጣህ የለም። እኛ በፌስታል እንሞላለን። የበጋው ክፉ ነገር ጭስ ነው። ሰደድ እሳት ሲነሳ ጭሱ ከተማው ላይ ይተኛል፤ በፈረንጆቹ 2020 መስከረም ላይ የሲያትል አየር ከዓለም እጅግ ከተበከሉት ተርታ ገብቶ ነበር። ስለዚህ በዚያ ወቅት ከመውጣቴ በፊት የአየር ጥራቱን በስልኬ አያለሁ። ቁጥሩ ከ150 ካለፈ አልወጣም። እቤት መስኮት ዘግቼ እንጠራራለሁ፣ ቡናዬንም ያለ ሕግ እጠጣለሁ። በየቀኑ ያልኩትን ለማሟላት ብዬ ሳንባዬን አልቀጣም።

ባለፈው ሐምሌ አራታችን መኪና ይዘን ሬይኒየር ተራራ ላይ ፓራዳይዝ የሚባለው ቦታ ወጣን። አንዱ ጎብኚ እማማን አይቶ ከፍታው እንዳይከብዳት ተጨነቀ። ቦታው 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ተረጎምኩላት። «ከዚህ በላይ ነው የተወለድኩት በዪው» አለችኝ። እሷ ያስቸገራት ከፍታው ሳይሆን በረዶው ነው፤ እዚያ ሐምሌ ላይ እንኳ መንገዱን ይሸፍናል። የምትሄዱ ከሆነ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማና ትርፍ ካልሲ ያዙ።