የእማዬ ቤት ሊሸጥ ነው

ቤቱን ለመሸጥ ከተስማማን ሦስት ሳምንት ሆነን። እኛ ልጆቿ ሁላችንም የየራሳችን ቤት አለን፤ እማዬም ደረጃው አቅቷት እህቴ ዘንድ ገብታለች።

ደላላው መጣና ዞር ዞር ብሎ አየው። «ቤቱን ተወው፣ የሚሸጠው ቦታው ነው» አለኝ። ከፋኝ። ግን አልዋሸም። መሀል ከተማ ባለ የቆየ ሰፈር ውስጥ ባዶ መሬት ከየት ይመጣል?

«ቀለም ቀቡት» አለ ደግሞ። ሳሎኑን እሺ። ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወረደውን ስንጥቅ ግን በቀለም መደበቅ አልፈለግኩም። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም። እንዲህ በሰያፍ ሄዶ አንዱ ጫፉ ሰፋ ካለ ግን መሠረቱ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። በባለሙያ አስመርምሬ ውጤቱን ለገዢ አሳያለሁ። ወንድሜ «ሞኝ ነህ» ይለኛል። ይበል።

ትናንት አንዲት ሴትዮ መጣች። ሳሎኑን ሳታይ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ እርጥበት አሸተተች፣ ሁለት ቧንቧ በአንዴ ከፍታ የውሃውን ግፊት አየች። እንዴት ደስ አለችኝ! ቤት እንዲህ ነው የሚታየው።

የጓዳው በር መቃን ላይ ቁመታችን በእርሳስ ተሠምሯል። ታናሽ እህቴ የበለጠችኝ ዓመት ሳይቀር አለ (እስካሁን ትስቅብኛለች)። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ እዚያ ሲደርስ «እሱን ዝለለው» አልኩት። መቃኑን የምነቅልበት መሣሪያ ዛሬ ተውሼ መጥቻለሁ።